የሙዳየ ቃላት መስክ ምንድን ነው?

በመጽሐፍ ወይም በመመረቂያ ጽሑፍ መጨረሻ የምናገኘው ሙዳየ ቃላት ለአንባቢ የሚያሳየው ቃሉንና ፍቺውን ብቻ ነው። ጽሑፉን በኮምፒውተር ለሚያቀናብረው ሰው ግን እያንዳንዱ ግቤት ወረዳ ጽሕፈት ቤት እንደሚሞላ ቅጽ በየሳጥኑ የተከፋፈለ ነው። የሚታተመው ስም በአንዱ ሳጥን፣ ፍቺው በሌላው፣ ብዙ ቁጥሩ ደግሞ በሌላው ይሰፍራል፤ ቃሉ በየትኛው ተራ እንደሚገባ የሚወስን የራሱ ሳጥንም አለ። መስክ የሚባለው እያንዳንዱ ሳጥን ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀውን መሣሪያ ማስተካከል ማለት ደግሞ ፕሮግራሙ አንድን መስክ ሲያገኝ እንዳለ እንዲተወው፣ እንዲጥለው ወይም ወደ ሌላ መስክ እንዲቀዳው፣ ባዶ ሆኖ ሲያገኘውም ከየት እንደሚሞላው አስቀድሞ መንገር ነው።

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባሉት ፎቶኮፒ ቤቶች ለጥረዛ የሚመጡትን የድኅረ ምረቃ ጽሑፎች ገልጦ ላየ ሰው ጉዳዩ ትንሽ አይመስለውም። ጽሑፉ ተለፍቶበታል፤ ቀመሩ፣ ሠንጠረዡ፣ ሥዕሉ ሁሉ በቦታው ነው። የምኅጻረ ቃላቱ ዝርዝር ጋ ሲደረስ ግን ቃላቱ በእጅ ተደርድረው፣ አንዱ ከሌላው ሾልኮ፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ቃል ፈልጎ ለገባ አንባቢ ተራው የተዛባ ዝርዝር ከሌለ አይሻልም፤ እንዲያውም ቃሉ የለም ብሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። ይህን የሚያድኑ መሣሪያዎች በነጻ የሚገኙ ናቸው። እጅግ የሚያሳዝነኝ አማርኛችን የሚፈልገውን ቅንጅት የሚነግር ሰው መጥፋቱ ነው።

የምናገረው ስለ ላቴክ ነው። ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ቴክ በተባለው የገጽ ቅንብር ሥርዓት ላይ ሌስሊ ላምፖርት የገነባው ሲሆን፣ በሒሳብና በፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች እስከ ዛሬ የሚመረጥ ነው። ሙዳየ ቃላት ለማዘጋጀት ኒኮላ ታልቦት ግሎሳሪስ የተባለውን ጥቅል (በላቴክ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ)፣ ከዚያም ግሎሳሪስ ኤክስትራን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ቢብቱጂኤልኤስ (bib2gls) የተባለውን ፕሮግራም ሠርተዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ግቤቶቹ ከጽሑፉ ተለይተው በአንድ ፋይል ይቀመጣሉ። ላቴክ ጽሑፉን መጀመሪያ ሲያቀናብር የትኞቹ ቃላት እንደተጠቀሱ ይመዘግባል። ቢብቱጂኤልኤስ ያንን መዝገብ ያነብና የተጠቀሱትን ግቤቶች፣ እነሱ የሚያመለክቱባቸውንም ጨምሮ፣ ይመርጣል፤ መስኮቻቸውን በታዘዘው መሠረት ያስተካክላል፣ ይደረድርና በአዲስ ፋይል ይጽፋል። ላቴክ ሁለተኛ ሲሠራ ያንን ፋይል አንብቦ ዝርዝሩን ያትማል። ቅንጅቱ የሚሰጠው ጽሑፉ ከመጀመሩ በፊት በፋይሉ አናት ላይ፣ ግቤቶቹን በሚጠራው ትእዛዝ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዱን የግቤት ፋይል በሁለት መጻሕፍት፣ በሁለት ዓይነት ቅንጅት መጠቀም ይቻላል።

ለአማርኛ ከመስኮቹ ሁሉ የሚበልጠው የመደርደሪያው መስክ ነው። ለዓለም ፊደሎች በኮምፒውተር መለያ ቁጥር (ኮድ) የሚሰጠው ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ሲሆን ኮዶቹ የተሰጡት በሀ ለ ሐ መ ተራ ነው። በኮድ ብቻ የሚደረድር ፕሮግራም እንኳ ሸን ከሰ፣ ቸን ከተ፣ ኘን ከነ ቀጥሎ ያስገባልናል። መነሻው ጥሩ ነው። አበሳው የሚጀምረው ሞክሼ ፊደሎች ጋ ነው። በኮድ ተራ ሀ ከሁሉ ይቀድማል፣ ሐ ከለ ቀጥሎ ይመጣል፣ ኀ ደግሞ ከቸ በኋላ ከነ በፊት ይገባል። «ሀይል» ብሎ የጻፈ ሰው ቃሉን በዝርዝሩ አናት ያገኘዋል፣ «ኃይል» ብሎ የጻፈው ግን መሀል ድረስ መውረድ አለበት። ጸና ፀ ጎረቤት በመሆናቸው ጉዳታቸው ያነሰ ነው፤ አና ዐ ግን በከና በወ ተለያይተዋል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በምኅጻረ ቃል ኢሠማኮ ነው፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ደግሞ ኢሰመኮ። በኮድ ተራ ሠ ከሰ ስለሚቀድም ኢሠማኮ ከላይ ይቀመጣል። ሁለቱን ፊደሎች እንደ አንድ ቁጠር ብለን ብናዘው ግን ፕሮግራሙ ልዩነቱን በሦስተኛው ፊደል ላይ ይፈልጋል፤ መ ከማ ስለሚቀድም አሁን ኢሰመኮ ወደ ላይ ይወጣል። ኢሠማኮን በሰ የሚያውቀው አንባቢ የሚጠብቀው ይህን ሁለተኛውን ተራ ነው። የታተመው ቃል ግን አንድም ፊደሉ አልተነካም። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ አንባቢ የሚያየው ስምና ማሽኑ የሚደረድርበት ቃል በሁለት የተለያዩ መስኮች ስለሚቀመጡ ደራሲው ፀሐይን በፀ ጻፈው በጸ፣ አጻጻፉ ተከብሮለት ዝርዝሩም ይስተካከላል። የአማርኛን አጻጻፍ ለመደርደር እንዲመች ብሎ አንድ ፊደል ብቻ ማስቀረትን የሚደግፉ አሉ። እኔ አልስማማም። ለማሽኑ የሚያስፈልገውን ለማሽኑ በተለየው መስክ መስጠት እየተቻለ የደራሲን ፊደል መንካት አግባብ አይመስለኝም።

ይህን ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ። ግቤቶቹ ጥቂት ከሆኑ ለእያንዳንዱ የመደርደሪያውን መስክ በእጅ መሙላት ይበቃል፤ ስሙ «ኃይል»፣ መደርደሪያው «ሀይል»። ብዙ ከሆኑ ግን የራስን የፊደል ተራ በአንድ ደንብ ጽፎ ለፕሮግራሙ መስጠት ይሻላል። ቋንቋው አማርኛ ነው ብሎ መንገር ብቻውን ሞክሼዎቹን አያስማማም፤ ደንቡ መጻፍ አለበት። እዚህ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ምክንያቱም ለኮምፒውተሩ ሠ እና ሡ እንደ ሀ እና በ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሠን ከሰ ጋር ማስተካከል ሡን ከሱ፣ ሢን ከሲ አያስተካክልም፤ እስከ ሦ ድረስ እያንዳንዱ ቀለም መጻፍ አለበት። በሀ ቤት ደግሞ ግዕዙና ራብዑ በድምፅ አንድ ስለሆኑ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ በአንድ ቦታ ይሰለፋሉ፤ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓም እንዲሁ። ደንቡ ፊደሎችን ፍጹም እኩል ከማድረግ ይልቅ ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን ብቻ የሚታይ አነስተኛ ልዩነት እንዲሰጣቸው አድርጎ መጻፍም ይቻላል፣ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። እንዲህ ሲሆን በሠ እና በሰ የተጻፉ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ተራ። በአበገደ መደርደር ለሚፈልግም፣ በተለይ ለግዕዝ ጥናት ለሚሠራ ሰው፣ መንገዱ ያው ነው፤ ደንቡን አ በ ገ ደ ሀ ወ ዘ ብሎ መጀመር ነው።

ብዙ ሰው የመደርደሪያውን መስክ ጨርሶ አይሞላም። ያኔ ፕሮግራሙ ከሌላ መስክ ይዋሳል፣ የሚዋስበት ቦታም እንደ ግቤቱ ዓይነት ይለያያል። ተራ ቃል ከሆነ ከስሙ፣ ምኅጻረ ቃል ከሆነ ከአጭሩ ቃል፣ የሒሳብ ወይም የፊዚክስ ምልክት ከሆነ ደግሞ አዘጋጁ ለግቤቱ ከሰጠው መለያ ይወስዳል። የግሪኩ ላምዳ ለሞገድ ርዝመት የተሰጠ ምልክት ሆኖ መለያው «ሞገድ» ከተባለ መ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። የምልክቶች ዝርዝር ያለ ምክንያት የተዘበራረቀ ሲመስል መጀመሪያ መታየት ያለባቸው መለያዎቹ ናቸው።

የሚዋስበትን መስክ መለወጥ ይቻላል። በምኅጻረ ቃላት ዝርዝር አጭሩን ትቶ ሙሉውን ስያሜ እንዲከተል ማዘዝም ይፈቀዳል፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህን የሚመርጡ አሉ። በአማርኛ ግን አይሞከርም! ተመድ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው፤ ኢፌዲሪ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው፤ ከላይ ያየናቸው ሁለቱም የሚጀምሩት «የኢትዮጵያ» ብለው ነው። በሙሉ ስያሜ ከተደረደረ የዝርዝሩ ግማሽ የ ውስጥ ይከማቻል። በአጭሩ ቃል የሚደረድረው ነባሩ ቅንጅት ለእኛ የተመቸ ነውና መተው ነው። እንደ ዶ/ር፣ ወ/ሮ እና መ/ቤት ያሉ እዝባር ያለባቸው ቃላት ብቻ የመደርደሪያቸው መስክ በእጅ ይሞላላቸው፤ ዶ/ር «ዶክተር» ተብሎ፣ መ/ቤት «መሥሪያ ቤት» ተብሎ። ማሽኑ እዝባሩን እንዴት እንደሚቆጥረው መጨነቅ በዚህ ይቀራል።

የብዙ ቁጥሩ መስክ ደግሞ ባዶ ከተተወ ጥቅሉ በእንግሊዝኛ ልማድ ከቃሉ መጨረሻ ላይ የላቲኑን ኤስ ይቀጥላል፤ «ቃል» የሚለው ኤስ ተለጥፎበት ይታተማል። ቅጥያውን ወደ «ኦች» መለወጥም አያዋጣም። «ቤት» ብዙ ሲሆን ቤቶች ነው፣ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ከት ወደ ቶ ተለውጦ ች ይከተለዋል እንጂ «ኦች» እንዳለ ከኋላው አይለጠፍም። መጽሐፍ መጻሕፍት፣ ኮከብ ከዋክብት ሲሉ ደግሞ ቃሉ ውስጡ ጭምር ይቀየራል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ በብዙ ቁጥር ለሚጠራ ቃል ሁሉ መስኩ በእጅ ይሞላ። «ቤቱ»፣ «ቤታችን» ለመሳሰሉትም መስክ አይበቃም፤ ለእነዚህ አዘጋጁ የፈለገውን ቃል ጽፎ ወደ ግቤቱ የሚያመለክትበት የተለየ ትእዛዝ አለ፣ እሱን መልመድ ነው።

የፍቺው መስክ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ትንሽ ግን ዓይን የሚወጋ ነገር አለ። ነባሩ የግሎሳሪስ ጥቅል ከእያንዳንዱ ፍቺ በኋላ ራሱ የላቲን ነጥብ ያስቀምጣል። አዘጋጁ ፍቺውን በአራት ነጥብ ዘግቶ ከነበረ አራት ነጥቡ ላይ ሌላ ነጥብ ተደርቦ ይወጣል። ግሎሳሪስ ኤክስትራ ይህን ነጥብ ከመጀመሪያው አጥፍቶታል። ቢብቱጂኤልኤስም ነጥብ የሚጨምር ምርጫ አለው፤ በሁሉም ላይ፣ ወይም ሥርዓተ ነጥብ በሌላቸው ላይ ብቻ። የሚጨምረው ግን የላቲኑን ነጥብ ስለሆነ ለአማርኛ ጽሑፍ ዘግቶት በየፍቺው አራት ነጥብን ራስ መጻፍ ይመረጣል። ቃሉን በትልቅ ፊደል እንዲጀምር የሚያደርጉት ምርጫዎች ትልቅና ትንሽ በሌለው ፊደላችን ላይ ምንም አይሠሩም።

ወደ ሌላ ግቤት የሚያመለክተው መስክ ሁለት አጻጻፍ ላላቸው ቃላት ጥሩ መፍትሔ ነው። «አለም» የሚለው ግቤት «ዓለም»ን ይመልከቱ ብሎ አንባቢውን ይልካል። ጥቅሉ ግን «ይመልከቱ» የሚለውን ከሚያመለክትበት ቃል በፊት ያስቀምጣል። ቃሉን ወደ አማርኛ መለወጥ ብቻ «ይመልከቱ ዓለም» የሚል የተገለበጠ ሐረግ ይሰጣል፤ አጻጻፉን የሚወስነው ትእዛዝ ራሱ እንደገና ተጽፎ ግሱ መጨረሻ ላይ መግባት አለበት። አንድ ጊዜ ከተጻፈ ለሁሉም ግቤት ያገለግላል።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ፍቺውን በሌላ ስም በተሰየመ መስክ ውስጥ የያዘ ፋይል ከሌላ ክፍል ቢመጣ ያ መስክ እንደ ፍቺ ይቆጠር ብሎ ማዘዝ እንጂ ፋይሉን ማረም አያስፈልግም። አርታኢው ለራሱ የጻፈውን ማስታወሻ የያዘ መስክ ቢኖር ይዘለል ይባላል። አንዱን መስክ ወደ ሌላው መቅዳትም ይቻላል፣ ተቀባዩ ቀድሞ የተሞላ ከሆነ ግን ካልታዘዘ በቀር አይደረብበትም።

ቅንጅቱን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ግቤቶች ጋር መፈተን ይገባል፤ ከሞክሼ ፊደሎች ቢያንስ ከየዓይነቱ አንድ ቃል፣ አንድ እዝባር ያለበት ምኅጻረ ቃል፣ አንድ ምልክት፣ አንድ አመልካች። ቢብቱጂኤልኤስ የሠራውንና ያስጠነቀቀውን ሁሉ በራሱ የመዝገብ ፋይል ይጽፋል። ዝርዝሩ ወደ ጥረዛ ከመሄዱ በፊት እሱን ከፍቶ ማንበብ ነው።