የአደባባይ ቅድሚያ ምንድን ነው?

የአደባባይ ቅድሚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ አደባባዩ ውስጥ ገብቶ እየዞረ ያለ ተሽከርካሪ ያልፋል፣ ሊገባ የደረሰው ይጠብቃል። ከዚህ ያጠረ የትራፊክ ሕግ ማግኘት ይከብዳል። ባሕር ዳር ላይ ግን ይህች አጭር ሕግ ከሁለት ያልተጻፉ ሕጎች ጋር እየተጋፋች ነው የምትኖረው። አንደኛው «ትልቁ ይለፍ» የሚለው ነው፤ ሲኖትራክ ሲመጣ ሚኒባሱ ይቆማል፣ ሚኒባስ ሲመጣ ባጃጁ ይቆማል፣ ባጃጅ ሲመጣ ባለ ብስክሌቱ እግሩን መሬት ያስነካል። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ጉልበተኛውን ሁሉም ያወግዘዋል፤ በይሉኝታ ፍሬን የሚይዘውን ግን ሁሉም ያመሰግነዋል፣ እኔ ደግሞ ከሁለቱ የትኛው አደባባዩን ይበልጥ እንደሚያበላሽ መወሰን ያቅተኛል።

አስቀድሞ «ውስጥ» እና «ውጭ» የት ላይ እንደሚለያዩ እንይ። አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ትነዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የምንነዳው በቀኝ ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር አደባባይ የሚዞረው መሐል ያለውን ክብ በግራ እጅ በመያዝ ነው። ስለዚህ ወደ አደባባይ የሚጠጋ አሽከርካሪ፣ እየዞረ ወደ እሱ የሚመጣውን ተሽከርካሪ ምንጊዜም የሚያየው በግራው በኩል ነው። በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ላይ «በአደባባይ ከግራ ለሚመጣ ቅድሚያ ይሰጣል» ተብሎ የሚሸመደደው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሽምደዳው ትክክል ነው፤ ችግሩ ሰው ግማሹን ብቻ ይዞ መምጣቱ ነው። «ከግራ የሚመጣ» ማለት በግራ በኩል ባለው መግቢያ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው መኪና ማለት አይደለም። እሱም እንደ እርስዎ ውጭ ነው፤ የሚጠብቀውም ከእሱ ግራ የሚዞረውን ነው። የመግቢያውን መስመር አልፎ መዞር ሲጀምር ያን ጊዜ ውስጥ ይሆናል፣ ያን ጊዜም ቅድሚያ ያገኛል። ይህ ሳይለይ ሲቀር ምን እንደሚፈጠር ጠዋት ሰዎች ወደ ሥራ በሚወጡበት ሰዓት ማየት ይቻላል፤ አራቱ መግቢያዎች ላይ አራት ጨዋ አሽከርካሪዎች እያንዳንዳቸው ግራቸውን እያዩ ይቆማሉ፣ አደባባዩ ባዶውን ነው፣ ከኋላ የክላክስ ጩኸት ይጀምራል። ባዶ አደባባይ ፊት ቆሞ መጠበቅን ያዘዘ ሕግ የለም። አንዳንድ መግቢያ ላይ ጫፉን ወደ ታች ያደረገ፣ ዙሪያው ቀይ የሆነ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይተከላል፤ እሱም ቢሆን «ቅድሚያ ስጥ» ነው የሚለው። ቁም የሚለው ስምንት ማዕዘኑ ነው።

ለመሆኑ ቅድሚያው ለምን ለውስጠኛው ተሰጠ? ለገቢው ቢሰጥስ? ይህ ተሞክሯል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ድረስ አደባባዮቻቸውን በአብዛኛው ያለዚህ ሕግ ነበር የሚጠቀሙባቸው፤ መኪና ሲበዛ ገቢው በገቢው ላይ እየተደረበ ክቡ ይቆለፋል። በዚያ ዓመት ቅድሚያው ለሚዞረው እንዲሆን ደነገጉ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት አደባባይም ከዚያ ውሳኔ የወጣ ነው። ፈረንሳዮች በአንጻሩ ፓሪስ ውስጥ በድል ቅስታቸው ዙሪያ ባለው ትልቅ አደባባይ ላይ ዛሬም ከቀኝ ለሚገባው ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ የዚያ አደባባይ ትርምስ በዓለም የታወቀውም ያለ ምክንያት አይደለም።

አቆላለፉ እንዲህ ነው። አንድ ሚኒባስ እየዞረ ወደ መውጫው እየተጠጋ ሳለ ከውጭ የመጣ ባጃጅ ፊቱን ይዘጋበታል። ሚኒባሱ ይቆማል። ከሚኒባሱ ኋላ ያለው መኪና ይቆምና የሌላውን መውጫ ይዘጋል። በዚያ መውጫ ሊወጣ የነበረው ይቆማል፣ የእሱ ጅራት ደግሞ ቀጣዩን ይዘጋል። አንድ ዙር ሲሞላ ሁሉም መውጣት ይፈልጋል፣ ማንም መውጣት አይችልም። የታክሲ በር ላይ ወራጁ ሳይወርድ ተሳፋሪ የማይገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕጉ ሲከበር ደግሞ አደባባይ ከመስቀለኛ መንገድ የሚሻልበት ምክንያት በቁጥር ይታያል። አራት መንገዶች በሚገናኙበት ተራ መስቀለኛ ላይ የተሽከርካሪዎች መስመር የሚጋጭባቸው ነጥቦች 32 ናቸው። በዚያው ቦታ ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ቢሠራ ነጥቦቹ ወደ 8 ይወርዳሉ። የቀሩት ስምንቱም ቢሆኑ መግባትና መውጣት ብቻ ናቸው፤ ፊት ለፊት መላተም ወይም አቋርጦ የሌላውን ጎን መምታት የሚባለው፣ ሰው የሚገድለው ዓይነት ግጭት፣ ከቦታው ቅርጽ የተነሳ ይጠፋል። ፍጥነትም ሳይወዱ ይቀንሳል። ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች በ1950ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች ከተነደፈ ማስተር ፕላን ለወረሰችው ባሕር ዳር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በዘንባባዎቹ መካከል ያለው አስፋልት እግርን ከነዳጅ ላይ ለማንሳት አይጋብዝም።

አሁን ወደ ፍሬቻ እንምጣ፤ ቅድሚያ ያለ ፍሬቻ ግማሽ ሥራ ነው። ሊገባ የቆመው ሰው ውስጥ ያለው መኪና ወዴት እንደሚሄድ ካላወቀ፣ ሳያስፈልገው መጠበቅ ወይም ሳይገባው መግባት ብቻ ነው ምርጫው። በመጀመሪያው መውጫ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ አሽከርካሪ አደባባዩ ሳይደርስ የቀኝ ፍሬቻ አብርቶ፣ የቀኙን ረድፍ ይዞ ይገባል፣ እንደበራ ይወጣል። ወደ ግራ የሚሄድ ወይም ዞሮ የሚመለስ የግራ ፍሬቻ አብርቶ የውስጠኛውን ረድፍ ይይዛል። ቀጥታ የሚያልፈው ሲገባ ፍሬቻ አያስፈልገውም። ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው የመጨረሻው ነገር ነው፦ ከሚወጡበት በፊት ያለውን መውጫ እንዳለፉ የቀኝ ፍሬቻ ይበራል። የሚዘነጋው ይኸው ነው። ሲገቡ የግራ ፍሬቻ የሚያበሩ ብዙ ናቸው፤ ሲወጡ የቀኙን የሚያበሩትን ግን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፣ ውጭ የቆመው ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚፈልገው የእነሱን ምልክት ሆኖ ሳለ።

በውስጠኛው ረድፍ የዞረ ሰው ሲወጣ የውጪውን ረድፍ ማቋረጡ ስለማይቀር፣ ፍሬቻው ብቻ አያድነውም። የቀኝ ስፖኪዮውን ማየት አለበት፤ ፍሬቻ ማብራት ፈቃድ ማግኘት አይደለምና። መውጫው እንዳመለጠው ካወቀ ደግሞ አንድ ዙር ይጨምራል፤ አደባባይ ላይ መሳሳት ይህን ያህል ርካሽ ነው፣ ግን ብዙዎቻችን ያን ግማሽ ደቂቃ ከምንከፍል ሦስት መኪና አስቁመን መቁረጥን እንመርጣለን።

ባጃጅን በተመለከተ አንድ የቴክኒክ ነገር መታወቅ አለበት። የመኪና ፍሬቻ መሪው ሲመለስ ራሱ ይጠፋል። የባጃጅ ፍሬቻ ግን እንደ ሞተር ብስክሌት በእጅ በርቶ በእጅ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ከሁለት መንገድ በፊት ታጥፎ የመጣ ባጃጅ የቀኝ ፍሬቻውን እያብለጨለጨ አደባባዩን ሙሉ ይዞራል፤ ውጭ የቆመው «ሊወጣ ነው» ብሎ ሲገባ ይገናኛሉ። ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች የባጃጅን ፍሬቻ አያምኑም፣ የፊት ጎማውን ነው የሚያዩት። ጎማው ወደ መውጫው ካልዞረ ባጃጁ አልወጣም።

ከዚያ ደግሞ «ወራጅ አለ!» የሚለው ድምፅ አለ። ተሳፋሪው ይህን ሲል ባጃጁ የአደባባዩ መውጫ ላይ ቢሆን እንኳን ወደ ዳር ይወጣና ይቆማል፤ ፍሬቻ የለም፣ ስፖኪዮ የለም። ከመውጫው አፍ ላይ የቆመ ባጃጅ ከላይ ያልኩትን መቆለፍ ለመጀመር ብቻውን ይበቃል። ጥፋቱን ሁሉ በአሽከርካሪው ላይ መከመር ግን አልወድም፤ አደባባዩን አለፍ ብሎ ቢያወርድ አምስት እርምጃ ተመለስኩ ብሎ የሚቆጣው ተሳፋሪ እኛው ነን።

ባለ ብስክሌት ተሽከርካሪ ነው። ይህ ለባሕር ዳር መነገር አልነበረበትም፤ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ አትክልት የሚያመላልሰው በብስክሌት በሚሄድበት ከተማ ግን ቅድሚያ ሲነፈግ የሚታየው ከሁሉ በፊት እሱ ነው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በየአቅጣጫው ከሦስት የመኪና ረድፎች ሌላ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ ቦታ አለው። አደባባይ ላይ ሲደረስ ግን ብስክሌቱ ከመኪናው ጋር ይቀላቀላል። በቀኝ ዳር እየዞረ ቀጣዩን መውጫ ሊያልፍ ሲል፣ ከግራው የመጣ መኪና ፊቱን ቆርጦ ይወጣል፤ አደጋው የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ውስጥ ያለ ብስክሌት ውስጥ ያለ ነው፣ እስኪያልፍ ይጠበቃል። ባለ ብስክሌቱም በበኩሉ የሚዞርበትን ወገን እጁን ዘርግቶ ቢያሳይ፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ከመገመት ይድናል።

እግረኛም በዚህ ጉዳይ ውስጥ አለበት። ወደ አደባባይ የሚገባ አሽከርካሪ አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ ክፍተት ይፈልጋል፤ ልክ በዚያች ቅጽበት እግረኛው በቀኝ በኩል ከእግረኛ መንገዱ ወደ ዜብራው ይወርዳል። ክፍተቱ ሲገኝ መኪናው ይነሳል፣ አንገቱ ግን ገና ወደ ፊት አልተመለሰም። መድኃኒቱ ከመነሳት በፊት አንድ ጊዜ ቀኝን ማየት ነው። ሲወጡም ዜብራ ላይ ያለ እግረኛ ይቀድማል፣ ከኋላ የቱንም ያህል ክላክስ ቢነፋ።

ወደ ይሉኝታው ልመለስ። አንድ ሰው አደባባዩ ውስጥ እየዞረ ነው፤ መግቢያው ላይ የሰፈሩን ትልቅ ሰው ወይም አንድ አባት መነኩሴን የጫነ መኪና ያያል። ፍሬን ይይዛል፣ በእጁ «ይግቡ» ይላል። ከኋላው ያለው አሽከርካሪ ግን ይህን አላየም፣ መቆም ያለበት ምክንያትም አይታየው፤ ቅድሚያ ያለው ሰው ይቆማል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ወይ ይገጨዋል፣ ወይ አልፎት ሲሄድ ገባ የተባለውን ይገጫል። ደግነቱ ለአንድ ሰው ነው፣ ዋጋውን የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው። አደባባይ ላይ የሚጠቅመው ሁሉም የሚጠበቅበትን ማድረጉ ነው፤ አክብሮት ማሳየት የፈለገ መኪናውን ዳር አቁሞ ወርዶ ሰላም ይበል።

ጥር ወይም ሚያዝያ ላይ ደግሞ የሰርግ አጀብ አለ። ካሜራ የያዘው ወጣት በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ ሙሽሮቹን አስከትሎ ሦስትና አራት ጊዜ ይዞራል። ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን አጀብ በሕግ አንድ ተሽከርካሪ ሆኖ አይቆጠርም፤ የመጀመሪያው መኪና ስለገባ አስረኛው ተከትሎ የመግባት መብት የለውም፤ እያንዳንዱ በየተራው ለውስጠኛው ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ የሚሻረው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ድምፁን እያሰማ የሚመጣ አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ነው፤ ውስጥም ሆኑ ውጭ መንገድ ይለቀቅለታል፣ ውስጥ ያለ ሰውም ክቡ መሐል ከሚቆም ወጥቶ ዳር ቢይዝ ይሻላል። ሁለተኛው የትራፊክ ፖሊስ እጅ ነው። የትራፊክ ደንቡ ቅድሚያ መከልከልን ከሚያስቀጡ ጥፋቶች ይቆጥረዋል፤ ትራፊኩ በእጁ «ግባ» ካለ ግን ከምልክቱም ከመብራቱም በላይ የእሱ ትእዛዝ ይሠራል፣ የሚዞረውም ይቆማል። ትራፊኩ ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ከሄደ ጀምሮ ቅድሚያው ተመልሶ የውስጠኛው ነው።