ኦፕንቢኤስዲ በላፕቶፕ ላይ

ኦፕንቢኤስዲ ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሊኑክስ አይደለም፤ ዘሩ የሚመዘዘው በአሜሪካው በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ከተሠራው የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ብዙዎች ኔትወርክን በሚጠብቅ ፋየርዎልነቱ ያውቁታል። ዲቨሎፐሮቹ ግን በራሳቸው ላፕቶፕ ጭነው በየቀኑ ይሠሩበታል። ብዙዎቹ ቲንክፓድ የተባለውን ላፕቶፕ ስለሚይዙ፣ በእሱ ላይ ያለው ድጋፍ ያኮራል።

ፕሮጀክቱን በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመረው በካናዳ የካልጋሪው ቴኦ ደ ራት ነው። ኔትቢኤስዲ ከተባለው ተመሳሳይ ሲስተም መሥራቾች አንዱ ነበር፤ በ1994 መጨረሻ ከቡድኑ እንዲወጣ ተደረገ። ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ላይ ዛሬም ሁለት ወሬ አለ። ፍሬው ግን አያከራክርም፤ በ1999 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች ዛሬ ዓለም ሁሉ ሰርቨሩን ከርቀት የሚያስተዳድርበት መሣሪያ ነው።

ጭነቱ በጥያቄና መልስ ያልቃል፤ አብዛኛውን ኢንተር እየተጫኑ ማለፍ ይቻላል። ዲስኩን በሙሉ ማመስጠርም እዚያው ይጠየቃል። የሚያስቸግረው ዋይፋይ ነው። የብዙ ካርዶች ፈርምዌር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) በፈቃድ ጉዳይ ከመጫኛው ጋር ስለማይመጣ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ለመጀመሪያው ቀን ኬብል፣ ወይም በዩኤስቢ ኢንተርኔት የሚያካፍል ስልክ ማዘጋጀት ይበጃል።

የሲስተሙ ጠባይ በደንብ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ማይክሮፎኑ ባለቤቱ እስኪፈቅድ ድረስ ዝምታ ብቻ ይቀዳል፤ ካሜራውም እንደዚያው። ፕሌጅ የሚባለው አሠራር ደግሞ ፕሮግራሙ ምን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ያደርጋል። ከዚያ ውጪ ሲሄድ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ወዲያው ይገድለዋል። አንቬይል የሚባለው ሌላ አሠራር ፕሮግራሙ የሚያየውን ፋይል ይገድባል። ስለዚህ ፋየርፎክስና ክሮሚየም ከባለቤቱ ፋይሎች የሚያዩት የዳውንሎድ ፎልደሩን ነው። አዲስ ሰው ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሊጭን ሲል ፋይሉን ያጣዋል፤ ወደዚያ ፎልደር ኮፒ ማድረግ ነው መላው። መጀመሪያ ያናድዳል። ግን ብሮውዘሩ ቢጠለፍ እንኳ የግል ሰነድ አይነካም ማለት ነው፤ ይህን ያህል ጥንቃቄ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ሲስተም ብዙ የለም።

ብሉቱዝ የለም፤ ኮዱ በ2014 ተነሥቷል። የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ባይመረጥ ይሻላል። ከሊኑክስ ይዘገያል ይባላል፤ ለጽሑፍና ለኢሜይል ሥራ ግን ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። የፋይል ሲስተሙ ጆርናል (ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግብበት ማስታወሻ) ስለሌለው መብራት ድንገት ሲጠፋ ቀጣዩ ቡት በዲስክ ፍተሻ ይጀምራል።

አዲስ ስሪት በየስድስት ወሩ ይወጣል። ሲስአፕግሬድ የሚለው አንድ ትእዛዝ አውርዶ፣ ጭኖ፣ ማሽኑን ራሱ ያስነሣዋል።