ለእርከን የተጠራ ሕዝብ ለውሳኔም ይጠራ

በየዓመቱ ጥር ሲገባ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ዶማና አካፋውን ይዞ ተራራ ይወጣል። የተፋሰስ ሥራ ነው። እርከን ይሠራል፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፍራል፣ ድንጋይ ይሸከማል። ለሳምንታት፣ ያለ ክፍያ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። የትኛው ተራራ ከከብት ይከለል፣ የትኛው ምንጭ ይጎልብት፣ እርከኑ በማን ማሳ ይለፍ ተብሎ ሲወሰን ያ ሰው የት ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ነበር። ጉልበቱ ሲፈለግ ተጠራ፤ ሐሳቡን ግን የጠየቀው የለም።

የአየር ንብረት ለውጥ እኛ ዘንድ የሬዲዮ ወሬ ብቻ አይደለም። መንዝ ላይ በልጉ ከቀረ የበልግ ገብሱም ቀረ። ደጋው ውርጭ ይፈራል፣ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ሲወረድ ደግሞ ጎርፍ። ስለዚህ ሕዝቡ በዚህ ጉዳይ ከውሳኔው ወንበር ይቀመጥ ስል ብዙ መልስ እሰማለሁ። ደጋግመው የሚመጡትን አንድ በአንድ ላንሳቸው። የሚናገሯቸው ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። በጣም ከማከብራቸው ባለሙያዎችም ሰምቻቸዋለሁ።

«የአየር ንብረት የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ገበሬው ምን ያውቃል?»

እስቲ እነዋሪ እንሂድ፣ ሞረትና ጅሩ። የጅሩ መሬት ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። ውሃው የሰብሉን ሥር ያፍነዋል፤ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። የጅሩ ገበሬ ለዚህ መላ ያገኘው ማንም ሳያስተምረው ነው። ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሴቱም ልጁም፣ ማሳ ይወጣል። አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፋ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራል፤ በመደቦቹ መሐል ቦይ ያወጣል። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ሰብሉ መደቡ ላይ ይተነፍሳል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢልካ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የከብት ምርምር ማዕከል በዋልካ መሬት ላይ ሲመራመር ይህን አየ። ተመራማሪዎቹ የጅሩን ሐሳብ ወሰዱ። የአገር ማረሻ አጋጥመው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ። ገበሬው ቢቢኤም የሚለው መሣሪያ እሱ ነው። ባለሙያው የእጅ ድካሙን ቀነሰ፣ መላው ግን ከገበሬው መጣ። አንዱ ያለ ሌላው እዚያ አይደርስም ነበር።

እርከንንም እንይ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ አንዲት ጥድ የሚባል አካባቢ አለ። ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር ሲለካበት የኖረ የምርምር ቦታ ነው። እርከን አፈር ያስቀራል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውሃ የሚያቆር እርከን ማሳውን ያጨቀየዋል። ከጠባብ መሬት ላይ ይቀንሳል። አይጥ ይራባበታል። በሬ ማዞሪያ ያጠፋል። ይህን ቀድሞ የሚያውቀው ሞፈሩን የጨበጠው ሰው ነው። ካልጠየቅነው ስብሰባ ላይ «እሺ» ይለንና በመጪው ዓመት እያረሰ ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ከዚያ «ግንዛቤ የለውም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፍበታል። ይህ ያሳዝነኛል። ግንዛቤ የጎደለው ሳይጠይቅ የቀየሰው ሰው ዘንድ ነው።

«የሕዝብ ተሳትፎ ፈረንጅ ያመጣው ነገር ነው»

ይህን የሚል ሰው ጓሳን አያውቅም ማለት ነው። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሣር ያለበት ምድር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም የሚወርዱ ወንዞች የሚነሱበት። ሣሩ ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሆናል፣ በድርቅ ጊዜ ደግሞ ለከብት ነፍስ ነው።

ይህን ምድር ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ አስተዳድሮታል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር። ዛሬ ቃሉን በሌላ ትርጉም የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ እዚህ ግን የምናወራው ስለ ሣር ጥበቃ ነው። የአካባቢው ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ተወላጆች መሬቱን በአጽመ ርስት ይዘው፣ የሚጠብቁላቸውን አለቆች ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ አንዳንዴ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ። ማንም አያጭድም፣ ማንም አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስና በጋው ሲጠና ተመክሮበት ይከፈታል። ዝናቡ ሲመጣ ተመልሶ ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል።

ሥርዓቱ ያለ ጉድለት አልነበረም። የዘር ሐረግ የሌለው ሰው ከመብቱ ውጭ ነበር። የሴቶችም ድምፅ የሚሰማበት አልነበረም። ወደዚያ እንመለስ እያልኩ አይደለም። ግን ምን እንደተከተለ አስቡት። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ከፊውዳል ነገሮች ጋር ተቆጥሮ ፈረሰ። ጓሳው የሁሉም ሆነ። የሁሉም የሆነው ደግሞ ጠባቂ አጣ፤ ሣሩ ተመናመነ። ቆይቶ ያንሰራራው ነዋሪዎቹ እንደገና ኮሚቴ አቋቁመው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ ከራሳቸው መሐል ጠባቂ ሲያቆሙ ነው። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በሕግ ታውቋል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ሌላ አባባል ላንሳ። «ሕዝብ የሚያየው የዛሬን ሆዱን ነው፤ ስለ ነገ አይጨነቅም» ይባላል። ድርቅ እያለ፣ ከብት እየከሳ፣ ጓሳውን ለነገ ዘግቶ የቆየ ሕዝብ ነው ይህ የሚባለው።

«ስብሰባ ጠርተናል፤ ቃለ ጉባኤም ተይዟል። ከዚህ በላይ ተሳትፎ ምን አለ?»

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ስብሰባውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ይሰበሰባል። ዕቅዱ ተዘጋጅቶ መጥቷል። ይነበባል። ሁለት ሦስት ሰው «ጥሩ ነው፣ እንደግፋለን» ይላል። እጅ ይወጣል፣ ጸደቀ። ይህ ማሳወቅ ነው እንጂ መሳተፍ አይደለም። ተሳትፎ የሚባለው ሰው በተናገረው ምክንያት ዕቅዱ ሊለወጥ ሲችል ነው። ሊለወጥ የማይችል ዕቅድ ላይ መምከር ውሃ መውቀጥ ነው።

ሕጉ ደግሞ ከእኛ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 የአካባቢ ደህንነትን የሚመለከት ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍም ሲተገበርም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ መደረግ አለበት ይላል። ሲነደፍም የሚለውን ልብ በሉ። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያም ገና ከስሙ «ኅብረተሰብ አቀፍና አሳታፊ» ነው። ነዋሪው የራሱን የዕቅድ ቡድን እንዲመርጥ፣ ዕቅዱም በነዋሪው ጠቅላላ ጉባኤ ታይቶ እንዲጸድቅ ይላል። አዲስ ሕግ እስኪወጣ የምንጠብቀው ነገር የለም።

«ሴቶቹ በባሎቻቸው ተወክለዋል»

አንድ ቀበሌ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ምንጭ ይጎልበት ተባለ። ኮሚቴው ወንዶች ብቻ ነበሩ። ቦታ ተመረጠ፣ ሲሚንቶ ፈሰሰ፣ ቧንቧ ተተከለ። በጋ ላይ ውሃው ቀጥ አለ። አንዲት እናት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያ ምንጭ እኮ ሚያዝያ ላይ ይደርቃል። የማይደርቀው ከታች ያለው ነው። ማን ጠየቀን?» ዕድሜያቸውን ሙሉ እንስራ ተሸክመው የወረዱበት መንገድ ነው። የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚያንስ በቃላቸው ያውቁታል። ባሎቻቸው አያውቁትም፤ ውሃ ቀድተው አያውቁማ።

ኩበቱም እንደዚያው። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ለቅማ የምታነደው ሴቷ ናት። ኩበቱ ምድጃ ሲገባ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል። ይህን ነገር ሴቶች በሌሉበት «የአፈር ለምነት» ብሎ መወያየት ግማሹን ትቶ መወያየት ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ከቤታቸው ተፈናቅለው የሚኖሩ ወገኖቻችንም እንጨትና ውሃ ይፈልጋሉ። እነሱም ይጠየቁ።

«ያን ሁሉ ሕዝብ እንዴት ታወያያለህ?»

ሁሉንም በአንድ ቀን ማወያየት አይቻልም፣ እውነት ነው። ሌላ መንገድ ግን አለ፤ ዕጣ። ዕጣ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እቁብ በዕጣ ይወጣል። መሬት ሲደለደል ዕጣ ተጥሏል። ማትያስ እንኳ ከሐዋርያት ጋር የተቆጠረው በዕጣ ነው።

አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 የተቀመጠው የዜጎች ጉባኤ 99 ተራ ዜጎችና አንድ ሰብሳቢ ነበሩት። ዜጎቹ በሴት በወንድ፣ በዕድሜና በአካባቢ አገሩን እንዲመስሉ ሆነው በዘፈቀደ የተመረጡ ናቸው። ስለ አየር ንብረት ባለሙያዎችን ሰሙ፣ ጠየቁ፣ ተከራከሩ፣ 13 ምክረ ሐሳብ አቀረቡ። ከመሐላቸው 80 በመቶው ብዙ በካይ ጋዝ ለሚለቁ ነገሮች ከፍ ያለ ግብር ለመክፈል ፈቃደኛ ነን አሉ። ፖለቲከኛ ለመናገር የሚፈራውን ነገር ዜጋው መረጃ ሲሰጠው ራሱ ተናገረው።

ቀበሌ ላይ ይህ ቀላል ነው። የነዋሪው መዝገብ አለ። ከየጎጡ በዕጣ ጥቂት ሰዎች፣ ግማሹ ሴቶች፣ ወጣት መሬት አልባዎችም ይኑሩበት። ዕጣው ጥሩ የሚሆንበት ምክንያት ሁልጊዜ የሚናገሩት እነዚያው አምስት ሰዎች ብቻ እንዳይሆኑ ነው።

«አየሩን የበከሉት ሌሎች ናቸው፤ እኛ ምን እንወስናለን?»

የበከሉት ሌሎች መሆናቸው እውነት ነው። የአገራችን ድርሻ ኢምንት ነው። ግን ጎርፉ የሚመጣው እዚህ ነው፣ ምንጩ የሚደርቀውም እዚህ። ባሕር ዛፉ ከምንጩ ምን ያህል ይራቅ፣ የሮቢ ወንዝ ውሃ በበጋ ለላይኛውና ለታችኛው የመስኖ ገበሬ እንዴት ይከፋፈል፣ የሚለውን የሚወስንልን ሌላ አገር የለም።

ጎረቤታችን ኬንያ ለዚህ ገንዘብም መድባ አሳይታለች። ከኢሲዮሎ አውራጃ በተጀመረው የካውንቲ የአየር ንብረት ፈንድ 70 በመቶው ገንዘብ ሕዝቡ በቀበሌ ደረጃ በመረጣቸው ኮሚቴዎች ቅድሚያ ለተሰጣቸው ሥራዎች እንዲውል ነው የተቀረጸው። እነሱም ከአርብቶ አደሩ የቆየ የግጦሽ ሥርዓት ጋር አያይዘው ነው የሄዱት። ጓሳ ያለን እኛ ይህን ለመረዳት አይከብደንም።

«ከተሳተፍን የጠየቅነው ሁሉ ይፈጸማል»

ይህ ደግሞ የእኛ የደጋፊዎቹ ስህተት ነው። ፈረንሳይ ስለ አየር ንብረት እንዲመክሩ በዕጣ የተመረጡ 150 ዜጎችን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2019 እስከ ሰኔ 2020 ሰብስባ ነበር። 149 ሐሳብ አቀረቡ። ፕሬዚዳንቱ ሳይሸራረፍ አቀርበዋለሁ ብለው ነበር፤ ብዙው ተሸራረፈ። ዜጎቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ለመንግሥት ሥራ ውጤት ስጡ ሲባሉ ከ10 የሰጡት 3.3 ነው። በጣም ተሰምቷቸው ነበር።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት ቃሉ ግልጽ ይሁን። ወረዳው የቱን መወሰን ለሕዝቡ ይተዋል? የቱን ምክር ብቻ ይሰማበታል? በጀቱ ስንት ነው? ከውይይቱ በኋላ ደግሞ በአማርኛ ተጽፎ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለው በእድርና በሰንበቴ ይነገር። ይህን ተቀብለናል፣ ይህን አልተቀበልንም፣ ምክንያቱም ይህ ነው ተብሎ። ገበሬ ምክንያት ከነገሩት «አይሆንም» የሚለውን መልስ ይችላል። የማይችለው ዝምታውን ነው።

ጊዜ የለም እንዳይባል ጊዜም አለ። ታኅሣሥ ላይ ውቂያው ጋብ ሲል፣ የጥር ዶማ ከመነሳቱ በፊት፣ ጥቂት ሳምንታት ይገኛሉ። ለሚቀጥለው ጥር የሚሆነው ስብሰባ ያኔ ይጠራ፤ ካርታው ገና ባዶ እያለ።