ስለ ድሮ የሰሜን ሸዋ አለባበስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለቲያትርም ለበዓልም የድሮ ልብስ እሰፋለሁ። በተለይ ልቤ ያለው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1805 ገደማ እስከ 1840 ዓ.ም. በነበረው አለባበስ ላይ ነው። ልብሱን እንደነበረ መልሶ መሥራት እወዳለሁ። ደንበኞቼ ግን ብዙ ጊዜ ስልካቸው ላይ ያለ ፎቶ ያሳዩኝና «ልክ እንደዚህ» ይሉኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ።

«የድሮ ሰው ነጭ ሸማ ብቻ ነበር የሚለብሰው»

ይሄ የመንዝን ብርድ ያልቀመሰ ሰው አነጋገር ነው። ጥጥ ደጋ ላይ አይበቅልም። ከቆላው፣ ከይፋት በኩል ነው የሚወጣው። መንዝ በጁ ያለው በግ ነው። ስለዚህ ከሸማው ሌላ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ካባ በርኖሱ፣ የፀጉር ብርድ ልብሶቹ ባናውና ዝተቱ፣ ከበግ ቆዳ የሚሠራው ደበሎውም አለ። የመንዝ በግ አብዛኛው ጥቁር ወይም ቡናማ ስለሆነ በርኖሱ ቀለም ሳይነካው ጥቁር ይሆናል።

አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል በርኖስ ነበር። ሻካራ ነው፤ አንገት ይበላል። ካፊያ ሲመታው ግን ውሃው እንደ ጤዛ ላዩ ላይ ይቀራል እንጂ ቶሎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። እጄን ሳሳልፍበት የበጉ ቅባት መዳፌ ላይ ይቀር ነበር። ዛሬ ለትርኢት በጥቁር ፖሊስተር የሚሰፋው ነፋስ ሲነካው ይውለበለባል። እውነተኛው በርኖስ አይውለበለብም። ከትከሻ ላይ ከብዶ ይወርዳል።

«የሀበሻ ቀሚስ ከጥንትም እንዲሁ ነበር» እና «ጥልፍ የትናንት ፈጠራ ነው»

ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ጨርቁ ጥጥ ነው፤ ጥልፉ ሐር። እንግዲህ ጥልፍ ነበረ። የነበረው ግን እንዲህ ባለ የባለማዕረግ ልብስ ላይ ነው። የገበሬዋ ቀሚስ ሰፊ ነው፤ ወገቧን በመቀነት ታስራለች፣ በቃ። ዚፕም፣ የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክርም አልነበረም።

«የአድዋ ዘማች ሁሉ ጎፈርና ለምድ ለብሶ ነበር»

አልነበረም። ከአንበሳ ጋማ የሚሠራው የራስ ጌጥ ጎፈርና ትከሻ ላይ የሚደረበው ለምድ የማዕረግና የጀግንነት ምልክት ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. አብዛኛው ሰው የዘመተው በዘወትር ልብሱ ነው፤ በባዶ እግሩ።

«ሸማ ሸማ ነው፤ ከገበያ ገዝቶ መልበስ ነው»

አሁን ገበያ ላይ ያለው ሸማ አብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። የዚያን ዘመን ሸማ ድሩም ማጉም በእንዝርት የተፈተለ ነው። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሡና እዩት። የፋብሪካ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። የእጅ ፈተል አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን ይላል። ሲለበስም አወዳደቁ ይለያል። እጥበቱም በእንዶድ ነበር። እኔም በእንዶድ ነው የማሳጥበው፤ በረኪና የሚሰጠው ንጣት ለዓይኔ ሌላ ነው።

«ሥዕል ካለ ይበቃል»

በ1830ዎቹ ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ወደ አንኮበር ሲመጡ በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሯቸው ነበር። ሥዕሎቹ ለእኔ ሥራ ትልቅ ሀብት ናቸው። ሸማ ግን እንደ ሥዕል ባለበት አይቆምም። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ያጣፉታል። ኀዘን ላይ ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል። ጌታ ፊት ሲቀርቡ ከትከሻ አውርደው ወገብ ላይ ያደገድጉታል።

አንድ ጊዜ በሰፋሁት ልብስ የተሠራ ቲያትር አየሁ። አሽከር ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ሸማውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ንጉሡ ፊት ቆመ። ፈተሉ ልክ ነው፤ ጥለቱም ልክ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ግን ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ይሄ ልጅ ሊጣላቸው ነው እንዴ የመጣው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሳስረክብ ሰውየውን እዚያው አቁሜ አደገዳደጉን ሳላሳየው አልሸኝም።