የቲ ህዋሳት መንቃትና መዛል

ቲ ህዋሳት በአጥንት መቅኒ ተፈጥረው፣ ከደረት አጥንት ጀርባ በሚገኘው ታይመስ ዕጢ የሚጎለምሱ ነጭ የደም ህዋሳት ናቸው። ሲዲ8 የሚባሉት በቫይረስ የተያዘን ህዋስ ለይተው ይገድላሉ፤ ሲዲ4 የሚባሉት ደግሞ ሌሎቹን ያግዛሉ። ቫይረሱ ቶሎ ከተወገደ ጥቂቶቹ ለወደፊቱ ይተርፋሉ። ሳይወገድ ከሰነበተ ግን ይዝላሉ፤ በሕይወት እያሉ መዋጋት ያቅታቸዋል።

ስለ ሁለቱም መንገዶች የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ኤልሲኤምቪ ከተባለው የአይጥ ቫይረስ ነው። በ1974 ካንቤራ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሮልፍ ዚንከርናጌልና ፒተር ዶኸርቲ በዚሁ ቫይረስ አማካኝነት አንድ ትልቅ ነገር አሳዩ፦ ቲ ህዋስ ቫይረሱን ለብቻው አያውቀውም፤ የሚያውቀው የቫይረሱ ቁራጭ ኤምኤችሲ በሚባለው የራሱ የሰውነት ሞለኪውል ላይ ተጭኖ ሲቀርብለት ነው። በ1996 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራቸው ነው።

ቁራጩን የሚያቀርቡት በዋናነት ዴንድሪቲክ ህዋሳት ናቸው፤ ከተጠቃው የሰውነት ክፍል አንስተው በአቅራቢያው ወዳለው ንፍፊት ይወስዱታል። እዚያ ቲ ህዋሱ ቁራጩን መለየቱ ብቻ አይበቃም። በላዩ ያለው ሲዲ28 የተባለ ፕሮቲን ከአቅራቢው ህዋስ ማረጋገጫ ማግኘት አለበት፤ እንደ ኢንተርፌሮን ያሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችም ሊያግዙት ይገባል። ማረጋገጫው ከሌለ ህዋሱ ደንዝዞ ይቀራል። ይህ ጥንቃቄ ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ነው።

የነቃ ህዋስ በፍጥነት ይባዛል። አርምስትሮንግ በተባለው የኤልሲኤምቪ ዝርያ የተያዘች አይጥ ውስጥ፣ አንድን የቫይረስ ቁራጭ የሚያውቁ ጥቂት መቶ ህዋሳት በስምንት ቀን ገደማ ሚሊዮኖች ይሆናሉ፤ ቫይረሱም ይጠፋል። ከዚያ ከ90 እስከ 95 በመቶው ይሞታሉ፤ ቀሪዎቹ ትውስታ ይዘው ይኖራሉ። የቢጫ ወባ ክትባት በወሰዱ ሰዎች ላይ እንዲህ ያሉ ህዋሳት ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ተገኝተዋል።

ክሎን 13 የተባለው ዝርያ ከአርምስትሮንግ እምብዛም አይለይም፤ ወሳኞቹ ልዩነቶች ሁለት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ናቸው። ሆኖም በብዛት ሲሰጥ ደም ውስጥ ለወራት ይቆያል። ህዋሳቱ መጀመሪያ እንደ ወትሮው ይነቃሉ፤ ነገር ግን ቫይረሱ ፋታ አይሰጣቸውም። በቅድሚያ ኢንተርሉኪን-2 የተባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን የማምረትና የመባዛት አቅም ይከዳቸዋል፣ ቀጥሎ ቲኤንኤፍ፣ በመጨረሻም ኢንተርፌሮን ጋማ የተባሉትን መልእክተኞች የማምረት አቅም። የሲዲ4 እገዛ ከሌለ መዛሉ ይብሳል። በ1998 የራፊ አህመድ የምርምር ቡድን እነዚህ ህዋሳት ሳይሞቱ ሥራ አቁመው እንደሚኖሩ አሳየ።

በ2006 ያው ቡድን በዛሉት ህዋሳት ላይ ፒዲ-1 የተባለ ፕሮቲን በዝቶ አገኘ። ፕሮቲኑን በ1992 ኪዮቶ ውስጥ ያገኘው የታሱኩ ሆንጆ ቡድን ነበር። ፒዲ-1 የሚቀበለው የማቆሚያ ምልክት ሲታገድ ህዋሳቱ በከፊል አቅማቸው ተመለሰ። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኤችአይቪ በደማቸው ካለ ሰዎች የተገኘ ጥናትም፣ በደም ያለው ቫይረስ በበዛ ቁጥር ኤችአይቪን በሚያውቁት ህዋሳት ላይ ፒዲ-1 እንደሚጨምር አመለከተ። ይህን ምልክት ማገድ ዛሬ የካንሰር ሕክምና ሆኗል፤ ሆንጆም በ2018 ከጄምስ አሊሰን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

መዛልን እንደ ሽንፈት ብቻ ማየት ግን ስህተት ነው። የማቆሚያውን ምልክት የሚሰጠው ፒዲ-ኤል1 የሌላቸው አይጦች በክሎን 13 ሲያዙ በቀናት ውስጥ ሞተዋል። የገደላቸው ያልተገታው የራሳቸው ቲ ህዋስ ነው። መዛል ሰውነት ሊያሸንፈው ካልቻለው ቫይረስ ጋር የሚኖርበት መንገድም ነው።

የዛሉት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በ2016 የወጡ ጥናቶች ቲሲኤፍ-1 የተባለውን ፕሮቲን የያዙት አሁንም መባዛት እንደሚችሉና ፒዲ-1 ሲታገድ የሚነሱትም እነሱ እንደሆኑ አሳይተዋል። በ2019 ደግሞ ቶክስ የተባለ ፕሮቲን የህዋሱን የጂን አሠራር ለውጦ መዛሉን እንደሚያጸናው ታወቀ። ለውጡ በቀላሉ አይፋቅም፦ ሄፓታይተስ ሲ በክኒን ከዳነ በኋላ እንኳ የዛሉት ህዋሳት ሙሉ በሙሉ አያገግሙም፤ የዳነ ሰውም በቫይረሱ እንደገና ሊያዝ ይችላል።