የስልክ ሱስ፦ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ነጥቦችና እውነታው

ስለ ስልክ ሱስ ሲወራ ሁሉም የሚቆጥረው ሰዓት ነው። መቆጠር ያለበት ግን እጅ ሳይታዘዝ ስንት ጊዜ ወደ ስልኩ እንደሄደ ነው። ከታች ያሉት የተሳሳቱ አመለካከቶችም አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ የቆጠራ ስህተት ነው።

«በቀን ብዙ ሰዓት ስልክ የሚጠቀም ሁሉ ሱሰኛ ነው»

ሱስን ከጤናማ አጠቃቀም የሚለይ የሰዓት ወሰን የለም። ሥራው በስልክ የሆነ ሰው 6 ሰዓት ቢጠቀም ምንም ላይሆን ይችላል። በቀን 40 ደቂቃ ብቻ የሚጠቀም፣ ግን ይህንኑ 40 ደቂቃ 30 ሰከንድ 30 ሰከንድ እየቆራረሰ የሚወስድ ሰው ደግሞ ስልኩን 80 ጊዜ አንስቷል፤ ሥራውን ወይም ጨዋታውን 80 ጊዜ አቋርጧል ማለት ነው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ «ዲጂታል ዌልቢይንግ»ን፣ አይፎን ላይ «ስክሪን ታይም»ን ክፈቱ። በትልቁ የተጻፈውን የሰዓት ድምር እለፉትና ስልኩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚያሳየውን ቁጥር ፈልጉ። አይፎን ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚከፈተው አፕ የትኛው እንደሆነም ይነግራል፤ ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። እንቅልፍ፣ ሥራ ወይም ትዳር እየተጎዳ፣ ለመቀነስ ተሞክሮም አልሆን ካለ፣ ሰዓቱ ትንሽ ቢሆንም ችግር አለ።

«የስልክ ሱስ በሐኪም የሚመረመር በሽታ ነው»

በዚህ ስም የተመዘገበ በሽታ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምድብ ውስጥ የገባው የጌም ሱስ እንጂ የስልክ ሱስ አይደለም። ስም አልወጣለትም ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ባለሙያ ጋ ሲኬድ ከስልኩ ጀርባ ያለውም ይታያል፦ ድብርት፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት። ስልኩ አንዳንዴ በሽታው ሳይሆን ማስታገሻው ነው።

«ቆራጥ ሰው በአንድ ቀን ይተወዋል»

ከሁሉም የባሰው ይህ ነው፤ ሰው ራሱን ሲወቅስ ይከርማል፣ ሴቲንጉን ግን አይነካም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእርግቦች ላይ ባደረገው ሙከራ ያሳየው ነገር አለ፦ እህሉ በስንተኛው ምት እንደሚወርድ የማታውቅ እርግብ ቁልፉን በመንቁሯ ሳትታክት ትመታለች። አሁን ደግሞ የስልክ ገጽ በአውራ ጣት ወደ ታች ሲሳብ የሚሆነውን አስተውሉ። ትንሿ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ አንዳንዴ ምንም የለም፣ አንዳንዴ ደስ የሚል መልእክት ይመጣል። የሚያስረው ያ «አንዳንዴ» ነው። ድሮ ገጽ ያልቅ ነበር፤ የቴክኖሎጂ ዲዛይነሩ አዛ ራስኪን በ2006 እ.ኤ.አ. የነደፈው ማለቂያ የሌለው ስክሮል ግን ማቆሚያውንም አነሳው። ራስኪን ራሱ በኋላ መጸጸቱን በይፋ ተናግሯል።

ስለዚህ ከፍላጎት ጋር ከመታገል መንገዱን ማርዘም ይሻላል። ከጥሪና ሰው በቀጥታ ከሚጽፈው መልእክት በስተቀር ኖቲፊኬሽን ሁሉ ይዘጋ። በጣም የሚያስቸግረው አፕ ከስልኩ ይጥፋ፤ ካስፈለገ በብራውዘር ይከፈት፣ ፓስዎርዱም ሴቭ አይደረግ። ፓስዎርድ መጻፍ የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ እጅ ምን እያደረገ እንደሆነ ለመንቃት ግን ይበቃል። ቻርጀሩ ከመኝታ ክፍል ይውጣ፣ ለመቀስቀሻም ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይገዛ፤ የሚቀሰቅሰው ስልኩ እስከሆነ ድረስ ጠዋት መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነውና። የአፕ ሰዓት ገደብ ብዙዎች ይሞክሩትና ይከሽፍባቸዋል፤ ገደቡ ሲደርስ «ለዛሬ ይለፈኝ» የሚያሰኝ ቁልፍ እዚያው ፊታቸው ይመጣል። የገደቡን ፓስኮድ ሌላ ሰው ያስገባው፣ ለእናንተም አይንገራችሁ። አይፎን ላይ «ብሎክ አት ኤንድ ኦፍ ሊሚት» የሚለው ካልበራ ፓስኮዱ ብቻውን አይከለክልም።

«ድምፁን ካጠፋሁት አይረብሸኝም»

ድምፅ የሌለው ስልክ «ያመለጠኝ ነገር ይኖር ይሆን?» ያሰኛል፤ ሳይጠራም ይነሳል። የሚባክነውም ያየንበት 10 ሰከንድ ብቻ አይደለም፤ አእምሮ ያነበበውን ይዞ ስለሚመለስ ወደ ሥራው ሙሉ በሙሉ እስኪገባ ጊዜ ይፈጃል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ መቀመጥ ሌላ ክፍል አይባልም።

«እጄ ነፃ ከሆነ እየነዳሁ ባወራ ችግር የለውም»

የጆሮ ማዳመጫ እጅን ነፃ ያወጣል እንጂ ሐሳብን አይደለም። መልእክት ማየትማ የባሰ ነው፦ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ5 ሰከንድ 111 ሜትር ይጓዛል፣ ያን ሁሉ መንገድ በጭፍን።

«ሰማያዊ ብርሃኑን ካጣራሁ እንቅልፌ ደህና ነው»

በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከመኝታ በፊት ለ4 ሰዓት ያህል በደማቅ ስክሪን ያነበቡ ሰዎች እንቅልፍ ለመውሰድ ከወረቀት ሲያነቡ ይልቅ የዘገዩት በ10 ደቂቃ ገደማ ነው። ትልቁ ሌባ «አንድ ብቻ ልይ» ተብሎ የሚያልፈው ሰዓት ነው። ማጣሪያው ስክሪኑን ቢጫ ያደርገዋል እንጂ ቪዲዮውን አያሳጥረውም።

«21 ቀን ከታገስኩ ልማዱ ይጠፋል»

በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የለንደን ጥናት፣ አዲስ ልማድ ሳይታሰብበት የሚደረግ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ ገምቷል፤ ከሰው ሰው ያለው ልዩነትም ከ18 እስከ 254 ቀን ነበር። ከስልክና ከመሰል ደስታዎች ለጥቂት ጊዜ መራቅ፣ «ዶፓሚን መጾም» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ዶፓሚን የአንጎል ኬሚካል እንጂ በጾም የሚጸዳ ቆሻሻ አይደለም። ስልኩን ለሦስት ሳምንት ትቶ ወደዚያው ኖቲፊኬሽንና ወደዚያው አልጋ የተመለሰ ሰው የቀድሞ ልማዱ እዚያው ይጠብቀዋል። ይልቅ ለ3 ቀን እጅ ወደ ስልኩ የሄደበትን ሰዓትና ቦታ በወረቀት ጻፉ። ወረፋ ላይ ከሆነ መጽሐፍ ይያዝ። ከጭቅጭቅ በኋላ ከሆነ ወጣ ብሎ መመለስ ይሞከር። አልጋ ላይ ከሆነ ቻርጀሩ ገና አልወጣም ማለት ነው።