የፖርቱጋል «የህንድ ግዛት»፦ የወደቦች ሰንሰለት

ስሙ ያሳስታል። ፖርቱጋል «የህንድ ግዛት» ያለችው አብዛኛውን ህንድ ይዛ አይደለም። የያዘችው ከሞዛምቢክ እስከ ማካው የተበታተኑ ወደቦችንና ምሽጎችን ነው። ለእንዲህ ያለች ትንሽ አገር ከዚያ በላይ መያዝም የሚታሰብ አልነበረም።

በ1494 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስፔንና ፖርቱጋል ቶርዴሲላስ ላይ ተዋውለው ከአውሮፓ ውጭ ያለውን ዓለም ለሁለት ተካፈሉ። ባለቤቶቹን የጠየቀ የለም። ከአራት ዓመት በኋላ ቫስኮ ዳ ጋማ አፍሪካን ዞሮ ህንድ ውስጥ ካሊከት ወደብ ደረሰ። በ1505 የመጀመሪያው እንደራሴ ፍራንሲስኮ ደ አልሜይዳ ተሾመ። የግዛቱን መልክ ያስያዘው ግን ተተኪው አፎንሶ ደ አልቡከርክ ነው። በህንድ ምዕራብ ጠረፍ ያለችውን ጎዋን በ1510፣ በማላይ ልሳነ ምድር ያለችውን ማላካን በ1511፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ያለችውን ሆርሙዝን በ1515 ያዘ። በ1513 በቀይ ባሕር መግቢያ አጠገብ ባለችው የየመን ወደብ ኤደን ላይ አልተሳካለትም፤ ይህ ደግሞ ቀላል ኪሳራ አልነበረም። የቀይ ባሕር በር ስላልተዘጋ፣ ቅመማ ቅመም ውሎ አድሮ በግብፅ በኩል ወደ ቬኒስ መጉረፉን ቀጠለ።

ዋናው መሣሪያ «ካርታዝ» የሚባል የይለፍ ወረቀት ነበር። ነጋዴው ወረቀቱን ገዝቶ፣ ፖርቱጋሎች በያዙት ወደብ ቀረጥ ከፍሎ ይሄዳል። ሳይዝ የተገኘ መርከብ ከነጭነቱ ይወረሳል። አረቦች፣ ጉጃራቶችና ስዋሂሊዎች ለዘመናት እንደልባቸው ሲመላለሱበት በኖሩት ባሕር ላይ ኬላ ተተከለ ማለት ነው። በዚያ ላይ መድፍ የጫነ ኬላ!

የግዛቱ መቀመጫ የሆነችው የጎዋ መርከቦች እኛም ዘንድ ደርሰዋል። በ1541 የግዛቱ ገዥ ኢስቴቫኦ ዳ ጋማ ወንድሙን ክሪስቶቫኦን ከ400 ያህል ወታደሮች ጋር ምጽዋ አወረደ። ሁለቱም የቫስኮ ልጆች ናቸው። ክሪስቶቫኦ በ1542 በግራኝ አሕመድ ጦር ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት በ1543 ወይና ደጋ ላይ ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን ተሰለፉ።

ሰንሰለቱ የተበጣጠሰው በየተራ ነው። ሆርሙዝን በ1622 ፋርሶች በእንግሊዞች እገዛ ወሰዱት። ማላካ በ1641 ለደች፣ ሞምባሳ በ1698 ለኦማን ገባ። ቦምቤይ ደግሞ ያለ ውጊያ ነው የሄደችው፤ የፖርቱጋል ልዕልት ካተሪና ለእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ስትዳር በጋብቻው ውል ተሰጠች።

ጎዋ እስከ ታኅሣሥ 1961 ቆየች። የህንድ ጦር ሲገባ የፖርቱጋሉ አምባገነን መሪ ሳላዛር እስከ መጨረሻው ተዋጉ ብሎ ከሊዝበን አዘዘ። ገዥው ቫሳሎ ኢ ሲልቫ ግን ወታደሮቹን በከንቱ ከማስጨረስ ብሎ በሁለት ቀን ውስጥ እጁን ሰጠ። አገሩ ሲገባ ከጦሩ ተባረረ።